የጋሽ መርዕድ ቀይ ቤሳ

ጋሽ መርዕድ መሞታቸውን የሰማሁት ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ወደኋላ ዞር ብላ፣ «ያ የሳንቲሙ ሰውዬ አረፈ» አለች። ነፍስ ይማር ያለ ሰው አልነበረም። ከሰልፉ መሃል አንዱ መጨረሻ ላይ የሰደበው ማንን ይሆን ብሎ ጠየቀ። ሌላው ደግሞ መልአከ ሞትን ነዋ፣ እጅህን ሳትታጠብ አትንካኝ ብሎት ይሆናል ሲል ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ራሳቸው ቢሰሙ አይከፋቸውም ነበር። ቀልዱን ግን ደረጃ ሳይሰጡት አያልፉም።

ዳቦዬን ይዤ እየሮጥኩ ቤት ገባሁና ለእናቴ ስለ ጋሽ መርዕድ ልጽፍ ነው አልኳት። እናቴ የሞተ ሰው ክፉው አይነሳም፣ ደግ ደጉን ጻፊ አለችኝ። ደግ ደጉን ብቻ ከጻፍኩ እኮ አጠብኳቸው ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ የታጠበ ሳንቲም ሲያዩ እንደ ግም ሥጋ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ስለዚህ ሳላጥባቸው እጽፋለሁ።

የምንኖረው ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ነው፤ አንድ ሰፊ ሆሽ ውስጥ፣ በግንብ የታጠረ ግቢ ማለት ነው። ክፍሎቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ በየክፍሉ አንድ የሐበሻ ቤተሰብ አለ። ጋሽ መርዕድና ባለቤታቸው እትዬ የሺ ከበሩ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነበሩ። እሳቸው ድሮ ጎንደር ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ ይባላል፤ በፖለቲካው ሸሽተው ነው የመጡት። ካርቱም ላይ ግን አስተማሪ ሆነው ያያቸው የለም። ጠዋት ጠዋት ከሆሹ በር ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ወንበራቸውን ያወጣሉ። ጉልበታቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያነጥፋሉ። አጉሊ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ከዚያ ሰው ይመጣላቸዋል፤ የድሮ የመዳብ ሳንቲም ይዞ። የምኒልክ ቤሳ፣ የጃንሆይ አምስት ሳንቲም፣ ግመል ጋላቢ ያለበት የሱዳን ሚሊም። ሪያድ ሰፈር ያሉ አንዳንድ ሀብታም ሱዳኖች እነዚህን ይሰበስባሉ፤ ሳንቲሙ በምን ይዞታ ላይ እንዳለ ጋሽ መርዕድ ካልተናገሩ ግን እጃቸውን አይዘረጉም። የሳቸው አፍ ማኅተም ነበር።

ደረጃዎቹን ያወጧቸው ራሳቸው ናቸው። ከማተሚያው ሲወጣ የነበረውን ቀለም ሳይለቅ የቀረ «ቀይ» ይባላል። እንዲህ ያለው በዕድሜያቸው ሁሉ ስንቴ እንደገጠማቸው ስጠይቃቸው፣ ያንቺን ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ከገጠመኝ ያነሰ ነው ብለውኛል። ከቀይ ቀጥሎ «ቡናማ» ነው፤ ከዚያ «ኪስ ያየ»፤ ከዚያ «የተላሰ»፤ መጨረሻው «አስከሬን»። አረንጓዴ ዱቄት ያወጣው ደግሞ «ለምጻም» ይባላል፤ ከሌሎቹ ጋር ካስቀመጡት ለምጹን ያጋባባቸዋል።

አሠራራቸው ነው ሰውን የሚገድለው። በአምፖል አያዩም። «አምፖል አቃጣሪ ነው፣ ሁሉንም ቆንጆ ያደርጋል» ይላሉ። የጠዋት ፀሐይ ብቻ። ሳንቲሙን ጠርዝና ጠርዙን በሁለት ጣት ይይዙና ወደ ብርሃኑ ቀስ አድርገው ያዘነብሉታል። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲሄድ የት ላይ እንደሚደናቀፍና የት ላይ አንሸራቶት እንደሚያልፍ ነው የሚያዩት። ከፍ ያለው ቦታ ነው ቀድሞ የሚያልቀው፤ የንጉሡ ጉንጭ፣ የዘውዱ ጫፍ፣ የአንበሳው ጎድን። ታዲያ ከዚህ ሁሉ በፊት ባለቤቱ አስቀድሞ እንዲናገር ያስገድዱታል። «መጀመሪያ አንተ ንገረኝ፤ ምን ትሰጠዋለህ?» ሰውየው በሰው ፊት ይናገራል። እሳቸውም በሰው ፊት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያፈርሱታል። በጆሮ ይንገሩኝ ብሎ የለመነ ሁሉ የባሰውን ነው የሰማው።

ብርሃኑ ስለሚባል ሰው ልንገራችሁ። ሪያድ ሰፈር ውስጥ የአንድ ቪላ ዘበኛ ነው። አንድ ቀን ሸሚዙን ተኩሶ የእጮኛውን ሁለት ወንድሞች አስከትሎ መጣ። አያቱ ከንጉሥ እጅ የተቀበሉትን ቤሳ ሊያሳያቸው ነው። ምን ትሰጠዋለህ ሲባል፣ ደረቱን ነፍቶ ቢያንስ ቡናማ ነው አለ። ጋሽ መርዕድ አዘነበሉት፤ ገለበጡት፤ እንደገና አዘነበሉት። «የተላሰ» አሉ። «አያትህ ከንጉሥ እጅ ነው የተቀበሉት? ይህ ሳንቲም ከገበያ ወጥቶ አያውቅም። ንጉሡ ሰጥተዋቸው ከሆነም በማግስቱ ጠላ ጠጥተውበታል።» የእጮኛው ወንድሞች ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ወደ ሞባይል ጠጋኙ ሱቅ አዞሩ። እኔ ግን አልደበቅኩም። ኒሙን ይዤ ነው የሳቅሁት። ብርሃኑ እስከ ዛሬ ድረስ «የተላሰው ብርሃኑ» ነው የሚባለው፤ ያገባትም ሌላ ሴት ናት።

ያን ቀን ጋሽ መርዕድ ሳቄን ሰምተው ጠሩኝ። ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አንድ የሱዳን ሚሊም አስይዘውኝ እስቲ ተናገሪ አሉኝ። እኔ ካርቱም ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ያኔ የማወራው ግማሹ ዓረብኛ ነበር። «ወላሂ ዳ ኩዌይስ ነው፣ ግመሉ ብቻ ሹወያ ሄዷል» አልኳቸው፤ ጥሩ ነው፣ ግመሉ ብቻ ትንሽ ተፍቋል ማለቴ ነው። ስለ ሚሊሙ ምንም አላሉም። «አማርኛሽ የተላሰ ነው» አሉኝ። «ሳንቲም መሆኑ ይታያል፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም።» ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩና በማግስቱ የእናቴን መዝሙረ ዳዊት ይዤ ማንበብ ጀመርኩ፤ መልስ የምሰጥበት አማርኛ ፈልጌ። ይህንን ሁሉ ዛሬ እንዲህ እያንቆረቆርኩ የምጽፈው በዚያ ስድብ ነው። ደግ ሰው ቢያበረታታኝ ኖሮ እስካሁን «ኩዌይስ» ላይ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ትምህርት በሌለበት ጠዋት ሁሉ ከወንበራቸው ጎን መሬት ላይ ነበርኩ። ስሳሳት ጣቴን በመነጽራቸው እጀታ ይመቱኛል። ሳልሳሳት ምንም አይሉም፤ ዝም ካሉኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። አንድ ጊዜ ማዮ ከሚባለው የድሆች ሰፈር በእግሯ የመጣች ሴት የነጠላዋን ጫፍ ፈታ አንድ የጃንሆይ አምስት ሳንቲም አወጣች። ልጇ ታሞባታል። ጋሽ መርዕድ ሳንቲሙን ለእኔ ሰጡኝ። አስከሬን ነበር፤ ጃንሆይ ጢማቸው ብቻ ነው የቀረው። ሴትየዋ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ግን አፌ አልታዘዘኝም፤ የተላሰ ነው አልኩ፣ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጌ። ጋሽ መርዕድ ሳንቲሙን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ማዘን ከፈለግሽ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። እዚህ ማየት ነው። ያየሽውን ንገሪያት» አሉኝ። ነገርኳት። ሴትየዋ አለቀሰች፤ እሳቸው የሚቀጥለውን ሰው ጠሩ።

ሰውንም እንደዚያው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲመለሱ የመዘምራኑን፣ የሙሽሮቹን፣ የቄሱን ሳይቀር ደረጃ ይዘው ይመጣሉ። እትዬ የሺን ደግሞ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ፣ እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «ሳገኛት ቡናማ ነበረች፣ አሁን እንግዲህ እንደምታዩዋት ናት» አሉ። እትዬ የሺ ወጥ እያወጣች ነበር። ጭልፋውን ሳታንቀጠቅጥ ማውጣቷን ቀጠለች። ከሳቸው በብዙ ታንሳለች፤ ፀጉሯ ግን ቀድሟቸው ሸብቷል።

ለምን እንደምትችላቸው እናቴን ስጠይቃት፣ «ቀይዋን እየጠበቀች ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ የሺ ከጎንደር የወጣችው በልጅነቷ፣ ጋሽ መርዕድን ተከትላ፣ ለእናቷ እንኳ ሳትነግር ነው። እናቷ ከእሷ በቀር ልጅ አልነበራቸውም። በስልክ ድምጻቸውን ትሰማ ነበር፤ ለጨዋታ ወጥታ እንደቆየች ልጅ ራት በልተሻል ወይ እያሉ ይጠይቋት ነበር። መሄድ ብቻ ቢሆን አውቶቡስ አለ። ግን ጠፍታ የወጣች ሴት ከሱዳን ባዶ እጇን ብትመለስ ሰፈሩ ምን ይላታል? የመኖሪያ ወረቀቷም ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል፤ ለመውጣት ብቻ የሚጠየቀው ቅጣት ከባድ ነው። ጋሽ መርዕድ ታዲያ አንድ ነገር ቃል ገብተውላት ነበር። ሱዳን በገቡ ጊዜ ከአንድ የኦምዱርማን አሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዟት የምኒልክ ቤሳ አለቻቸው፤ ቀይ ናት፣ የሰው እጅ አልነካትም። ያቺ ቤሳ ስትሸጥ እትዬ የሺ እናቷ ጋ በክብር ትገባለች። «ቀይዋ ትብሰል» ይሏታል ሲጠየቁ። ሰብሳቢዎቹም ወሬውን ሰምተው ያሳዩን ሲሉ፣ ጊዜዋ አልደረሰም ብለው ይመልሷቸዋል።

ቤሳዋ ጥጥ ተጎዝጉዞላት በሀላዋ ጣፋጭ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ለእትዬ የሺ የነገሯት አትንኪ ብለው ብቻ ነው። ለምን እንደማይነካ አልነገሯትም፤ ለእሷ ምንም ነገር አስረድተዋት አያውቁም።

እሷ ደግሞ ትነካው ነበር። ይህንን ከሳቸው በቀር ሆሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

አንድ ልጅ ወድቆ ግንባሩ ሲያብጥ እናቶቻችን ወደ እትዬ የሺ ነው የሚልኩን። እናቷ ጎንደር እያሉ ያበጠ ግንባር ላይ የመዳብ ሳንቲም ይጫኑ ነበር፤ መዳብ ሙቀቱን ስቦ እብጠቱን ያስተኛል። የዛሬ ሳንቲም ብረት ነው፣ ብረት አይስብም ትላለች። እውነተኛ መዳብ ያለው ደግሞ ቆርቆሮው ውስጥ ነው። ጋሽ መርዕድ ኒሙ ሥር ሲሆኑ ታወርደዋለች፤ ግንባራችን ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ጭና ትይዘዋለች፤ «አይዞሽ የኔ እናት፣ አሁን ይስበዋል» እያለች። ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ጥጡ ላይ ትመልሰዋለች። እኛ ሆሽ ያደገ ልጅ ሁሉ ምኒልክ ግንባሩ ላይ ተኝተውበታል። በእኔም ስንት ጊዜ። ግንባር ላይ ያለ ሳንቲም ግን ለባለ ግንባሩ አይታይም፤ ቀዝቀዝ ማለቱን ብቻ ነው የማውቀው።

እሷ ጉዳት እንዳለው አልገባትም። ገንዘብ እኮ እጅ ሲነካው የሚኖር ነገር ነው። ላብና ጣት መዳብን እንደሚበላው እኔ ኒሙ ሥር ከተማርኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። ሳውቅ ደነገጥኩ፤ ግን ለማን ይነገራል? ለሳቸው ብናገር ይገድሏታል። ለእሷ ብናገር በድንጋጤ ትሞታለች።

አንድ ጠዋት የሞባይል ጠጋኙ ትንሹ ልጅ ከደጃፉ ላይ ወደቀ። እትዬ የሺ ጭኗ ላይ አስተኝታው ቤሳውን ስትጭንበት እኔና ሌሎቹ ልጆች ከብበን ቆመናል። ድንገት ጋሽ መርዕድ በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ጥቁር ጨርቃቸውን ረስተው ነው። ሁላችንም ደረቅን። አውራ ጣቷን አዩ፤ የልጁን ግንባር አዩ። ከዚያ ጨርቃቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱና ወጡ። ከፀሐይ የገባ ሰው ጨለማ ቤት ውስጥ አያይም፣ አላዩም ተባባልን። እትዬ የሺ አማተበችና ቤሳውን ጥጡ ላይ መለሰችው።

ብዙም ሳይቆይ ኒሙ ሥር ለተሰበሰበው ሰው ቀይዋ ጊዜዋ ደርሷል ብለው ተናገሩ። የሪያዱ ኡስታዝ ፈይሰል መጥቶ ያያታል። ኡስታዝ ፈይሰል ከሰብሳቢዎቹ ሁሉ ጨዋውና አዋቂው ነው፤ ለዚህች ቤሳ ስንት ዓመት ደጅ ጠንቷል። እትዬ የሺ ያን ቀን ምን እንደሆነች ብታዩ። እናቷ ጋ ደውላ፣ «እማዬ፣ በቅርቡ ነው፣ ቤቱን አስለቅልቂ» ስትል በግድግዳው በኩል ሰምተናታል። ሻንጣ ተዋሰች። ፀጉሯን ሂና ነከረች። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈራችው፤ ጥጡ መነካካቱን እንዳያጋልጥባት በአዲስ ጥጥ ቀየረችው።

ኡስታዝ ፈይሰል በጠዋት በመኪናው መጣ። የሆሹ ሰው በሙሉ ወጥቷል፤ ከሥራ የቀረም አለ። ጋሽ መርዕድ ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፤ ቆርቆሮው ጉልበታቸው ላይ ነው። ኡስታዝ ፈይሰል ፈገግ ብሎ ደንቡን አስታወሳቸው፤ ዛሬ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፣ መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ አላቸው። «ቀይ» አሉ። «የሰው እጅ አልነካትም።»

ቆርቆሮውን ከፍተው ቤሳውን አወጡ። አዘነበሉት። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በጣም ቆዩ፤ ሲቆዩ ደግሞ አይተናቸው አናውቅም። ከዚያ ለኡስታዝ ፈይሰል አቀበሉት። እሱም ወደ ብርሃኑ ያዘነብለው ጀመር፤ ቅንድቡ ተሰበሰበ፤ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ጋሽ መርዕድ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ እናገራለሁ» አሉ። «ጉንጩ ሄዷል። የዘውዱ ጫፍ ሄዷል። የአንበሳው ጎድን ተልጧል። ይህ ቀይ አይደለም። ይህን ሰው ነክቶታል።» ዞር ብለውም አላዩም። «ማን ነው የነካው?»

እትዬ የሺ ከሰው መሃል ወጣች። ሂናው እጇ ላይ ነበር፤ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። «እኔ ነኝ» አለች። «ለልጆቹ ነው። ግንባራቸው ሲያብጥ ጫንኩበት። እንደሚበላሽ አላውቅም፤ በእማዬ ሞት አላውቅም።»

ጋሽ መርዕድ አልጮኹም። እኛን ልጆቹን ጠሩና በተርታ አቆሙን። ከወንበራቸው ተነሥተው እያንዳንዳችንን አገጫችንን ይዘው ፊታችንን ወደ ፀሐይ አዘነበሉት፤ ልክ እንደ ሳንቲም። እኔ ጋ ሲደርሱ አንዳች ነገር እጠብቅ ነበር፤ አለፉኝ። ሲጨርሱ ወደ እትዬ የሺ ዞረው፣ «ከእነዚህ ግንባሮች አንዱም የእናትሽን መንገድ አያህልም» አሏት።

ኡስታዝ ፈይሰል ማዓለሽ፣ ማዓለሽ፣ ምንም አይደል እያለ ተነሣ። መኪናው ውስጥ ገብቶም ቢሆን ወደ ጋሽ መርዕድ ሲያይ ነበር፤ ሰላምታ ሳይሰጣቸው ሄደ። ሻንጣው ለባለቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ መርዕድ ቆርቆሮውን በሳጥን ቆለፉበት። ስለ ጎንደር መንገድ የሚጠይቃቸው አልነበረም፤ ራሳቸው ግን ያነሱታል። ወጡ ጨው ሲጎድለው «ጨዉን ግንባር ላይ ነው የጫንሽው?» ይላሉ። ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ «ሂጂ፣ ሐኪሟ» ይሏታል። እሷም ልጅ ሲወድቅ በሯን መዝጋት ጀመረች። በሁለተኛው ክረምት እናቷ ሞቱ። ሆሹ ለልቅሶ ተቀምጦ ሳለ፣ ሴቶቹ አይዞሽ የእግዜር ሥራ ነው ሲሏት ጋሽ መርዕድ ከጥግ ሆነው፣ «የእግዜር እንኳ አይደለም» አሉ። የሰማቸው ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ምግቡን በላ። እትዬ የሺ ግን «ልክ ነው» አለች። «እኔ ነኝ የከለከልኳት።»

እሳቸው ሲታመሙ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ዓንገሬባቸው፣ የጠፍር አልጋቸው ላይ ተኝተው ሕመሙ አላንቀሳቅስ ሲላቸው ታገላብጣቸው ነበር፤ እሳቸውም ስታገላብጣቸው ጠርዝ ጠርዜን ያዢ እያሉ ይገሥጿታል። ሲሞቱ እንደ ደንቡ ጮኻ አለቀሰች።

ከአርባው በኋላ እትዬ የሺ አስጠራችኝ። ጥቁሯን ለብሳለች፤ የሀላዋው ቆርቆሮ ጭኗ ላይ ነው። የሳጥኑን ቁልፍ ከትራሳቸው ሥር አግኝታዋለች። ከሳቸው ሌላ ሳንቲም የሚያውቅ እኔን ብቻ ነው የምታውቀው። «ምን ያህል እንደጎዳሁት ንገሪኝ» አለችኝ። «ሳላውቀው እንዳልሞት።»

ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ስለዚያ ቤሳ ሰምቼ በእጄ ይዤው አላውቅም። ጠዋት ነበር፤ ፀሐዩ ገና አልጠነከረም። ኒሙ ሥር ወሰድኳትና ባዶው ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። እሷን ፊቴ አቆምኳት፤ ደንቡ ነው። «መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ፤ ምን ትሰጪዋለሽ?»

«ቀይ ነበረ» አለች። «እኔ ገደልኩት።»

ጠርዝና ጠርዙን ይዤ አዘነበልኩት። ጉንጩ ሄዷል፤ እውነት ነው። የአንበሳው ጎድንም። ግን የተላጠው ቦታ ጥቁር ነበር፤ ከሌላው አካሉ እኩል የጠቆረ፣ ልስልስ ያለ፣ አሮጌ ቆዳ የለበሰ። ጋሽ መርዕድ ዓንገሬባቸው ላይ ሆነው በመጨረሻ ያስተማሩኝ ይህንን ነው። መዳብ ሲላጥ መጀመሪያ ያበራል፤ ከዚያ በላዩ ቆዳ ያበቅላል። የቆሰለው ቦታ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ጠቁሮ ካገኘሽው ቁስሉ ከሰው ዕድሜ በላይ ነው አሉኝ። ይህን ለምን ለእኔ እንደነገሩኝ አላውቅም። የግንባራችን ላብ የሠራውንም አየሁት፤ ጥቁሩ ቆዳ ላይ ትንንሽ የጣት ጥላዎች ናቸው። እንጂ ጉንጩን የበላው ገበያ ነው፤ እትዬ የሺ ሳትወለድ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳት። ኪስ ያየ ነው አልኩ፤ እናንተ ቤት ቀይ ሆኖ አያውቅም፤ አንቺ የነካሽው ነገር ደረጃውን አንድ እርከን እንኳ አላወረደውም። ይህን እያልኩ ሳለ ሌላው ነገር እንደ ጅረት ወረደልኝ። ይህን የመሰለ ቁስል እኔ ካየሁት እሳቸው ኦምዱርማን ላይ ሲገዙት አይተውታል። ለዚህ ነው ስንት ዓመት ለማንም ያላሳዩት። ኡስታዝ ፈይሰልን የጠሩት ደግሞ ጨርቃቸውን ረስተው የመጡ ጊዜ አውራ ጣቷን ካዩ በኋላ ነው፤ የሚያላክኩበት ሲያገኙ። ይህንንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ሰንሰለቱ ሳይበጠስልኝ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

እልል ትላለች ብዬ ነበር። እትዬ የሺ ግን መሬቱ ላይ፣ እኔ ድሮ እቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ባበላሸው ይሻለኝ ነበር» አለች። «እኔ ካበላሸሁት እኮ፣ እማዬ ጋ ሊወስደኝ አስቦ ነበር ማለት ነው።»

ቤሳውን አቀበልኳት። አልተቀበለችኝም። ቀና ብላ አየችኝ። «ልጅ ነሽ» አለች። «እሱ እንኳ ስንት ዓመት ነው የለፋበት። ልትሳሳቺ ትችያለሽ፣ አይደል?»

አንድ ጊዜ እንደገና አዘነበልኩት፤ ለእሷ ስል። ብርሃኑ ጉንጩ ላይ ሳይደናቀፍ አለፈ።

«አልተሳሳትኩም» አልኳት።

ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። ቤሳውን ከእጄ ላይ በአውራ ጣቷና በመዳፏ ጨምድዳ ወሰደችው። «እሱን ነው የምትመስዪው» አለችኝና ገብታ በሯን ዘጋች።

ለስድብ ነው ያለችው፤ ገብቶኛል። እኔ ግን ሆሹን አቋርጬ እናቴ በር እስክደርስ ድረስ ፈገግታዬ አልሰበሰብ አለኝ።